መጀመሪያ ዲስኩ፣ ቀጥሎ ማሽኑ

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆን ዴስክቶፕ ፍለጋ ሱቅ የገባ ሰው ከባለሱቁ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኮር ስንት ይሁንልህ?» ከዚያ ጀነሬሽኑ፣ ራሙና ግራፊክስ ካርዱ በየተራ ይወራል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ሃርድ ዲስኩ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም «አንድ ቴራ አለው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለተኛ ዲስክና ዩፒኤስ ደግሞ ገንዘብ ሲተርፍ የሚገዙ ናቸው ተብለው ይቀራሉ። ገንዘብ አይተርፍም። እኔ የምለው ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። በደቡብ ወሎ ለቤት ኤዲቲንግ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው በጀቱን ማስላት ያለበት ከዲስኩና ከመብራቱ ጀምሮ ነው፤ ማሽኑን የሚገዛው በተረፈው ነው። ዘገምተኛ ማሽን ቢበዛ እንቅልፍ ያሳጣል። የጠፋን የሰርግ ቀን ግን የትኛውም ኮር መልሶ አያመጣውም።

ነገሩ ከገበያ ወሬ ከፍ ያለ መሆኑን ለማየት በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ምን እየተቀረጸ እንደሆነ ማሰብ ይበቃል። ሰርግና መልስ አለ፤ የመውሊድ መንዙማ አለ፤ የግሸን ጉዞ አለ፤ አምባሰልንና ባቲን በቅኝቱ ጠብቀው የሚያዜሙ ሽማግሌዎች አሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ድምፃቸው ያለው አንድ የቤት ካሜራ ላይ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ወሎ በዓለም ዘንድ ከታወቀባቸው ተንቀሳቃሽ ምስሎች አንዱን ያነሣው የውጭ ሰው ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ያሳየበት ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የተላለፈው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲሆን፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ያ ምስል እስከ ዛሬ የሚታየው ተቋም ስለያዘው ነው። ወሎ ራሱን በራሱ ካሜራ ያነሣበት ምስል ግን ተቋም የለውም። መዝገብ ቤቱ የአንድ ወጣት መኝታ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠች ሲፒዩ ናት። እሷ ከተበላሸች ሌላ ቦታ ሄዶ የሚጠየቅ የለም።

እንዲህ ያለች ሲፒዩ ምን ሊደርስባት እንደሚችል ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በአንድ ሁለት ቀን ልዩነት በትግራይ ኃይሎች እጅ ገቡ፤ መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። በእነዚያ ሳምንታት የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የደሴ ሆስፒታልና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች መዘረፋቸው በሰፊው ተዘግቧል። ከቢሮም ከመኖሪያ ቤትም ኮምፒውተር በቀላሉ ተሸክመው የሚሄዱት ዕቃ ነው፤ የሚወስደው ሰው ውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ለእሱ የተሸከመው ዕቃ ነው፤ ለባለቤቱ ግን የአሥር ዓመት ሥራ ነው። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ልዩነት አለ፦ ማሽኑ ቢወሰድ በገንዘብ ይተካል፤ ዲስኩ ውስጥ ያለው ግን የሚተካው ቅጂው ሌላ ቦታ ካለ ብቻ ነው። ጦርነቱ የአንድ ጊዜ ነገር ነው፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ዕቃ መግዛት ፍርሃት ነው የሚል ይኖራል። ዲስክ ለመጥፋት ጦርነት አያስፈልገውም። ሌባ፣ ከጠረጴዛ የወደቀ ኤክስተርናል፣ መብራት ሲመለስ የሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ በክረምት ጣሪያ የሚያፈስ ቤት ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። የ2014ቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አሳየን እንጂ አዲስ አደጋ አልፈጠረም።

«ኢንተርኔት ላይ እናስቀምጠዋለን» የሚለው መልስ ለሌላ አገር ሰው ጥሩ መልስ ነው። ለእኛ ግን ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ወድቋል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተፈጠረው ውዝግብ ጊዜ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተገድበው ለወራት ቆዩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል ሁኔታ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተቋርጦ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። ኢንተርኔቱ እያለስ? ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ዘመናዊ ካሜራ በአራት ኬ ሲቀርጽ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ገደማ ይጽፋል፤ ይህ በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው። ሁለት ካሜራ ይዞ ሰርግ የገባ ቀራጭ እያንዳንዱን 6 ሰዓት ቢያሠራ 540 ጊጋባይት ይዞ ይወጣል። ያን በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ወደ ኢንተርኔት ለመላክ ያለ ማቋረጥ 5 ቀንና 5 ሌሊት ይፈጃል፤ መብራቱና ኔትወርኩ አንድ ጊዜም ሳይጠፉ ማለት ነው። ያንኑ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በነጻ የሚሠራው ቴሌግራምም ቢሆን አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም፤ በፋይል መልክ ካልተላከ ደግሞ ቪዲዮውን ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ መለያው የተሠራበት ሲም ከጠፋም ሌላ ጣጣ ይመጣል። ለዘመድ ማሳያ ግሩም ነው። ለባክአፕ አይሆንም።

ስለዚህ ባክአፕ እዚህ አገር ዲስክ ነው፤ ጥያቄው ስንትና የት የሚለው ነው። ፎቶ አንሺዎች ዘንድ የታወቀ፣ አሜሪካዊው ፎቶግራፈር ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ደንቡ ከባድ የሚመስለው ምክንያቱ ሳይነገር ሲቀር ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮች ያሉትና የሚበላሹትን ቆጥሮ በየጊዜው ይፋ የሚያደርገው የአሜሪካው ኩባንያ ባክብሌዝ በ2023 እ.ኤ.አ. ያገኘው የአንድ ዓመት ብልሽት 1.7 ከመቶ ነው፤ ይህም መብራት በማይጠፋበት ቀዝቃዛ አዳራሽ ነው። ሁለት ዲስኮች አንዱ ከሌላው ጋር ሳይገናኝ የሚበላሹ ቢሆን ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ የመሄዳቸው ዕድል ከ10,000 ውስጥ 3 ገደማ ብቻ ይሆናል። ቁም ነገሩ «ሳይገናኝ» የሚለው ላይ ነው። ሁለቱም አንድ ሲፒዩ ውስጥ ከተሰኩ አንድ መብራት ሁለቱንም ያቃጥላል፤ ሁለቱም አንድ መሳቢያ ውስጥ ካሉ አንድ ሌባ ሁለቱንም ይወስዳል። እንግዲህ ደሴ የሚኖር ሰው ሁለተኛውን ዲስክ ኮምቦልቻ እኅቱ ቤት ቢያስቀምጥ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ብዙ አደጋ ይለያያል፤ የቤት እሳት፣ ሌብነትና የቮልቴጅ ችግር በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ተራራ ተሻግሮ አይመጣም። 2014 ግን ሁለቱ ከተሞች አብረው እንደሚወድቁ አሳይቷል። ስለዚህ ሦስተኛው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታደሰው ቅጂ፣ ከአካባቢው ውጭ መቀመጥ አለበት። 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው የደሴ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ለበዓል የሚመላለስ ሰውም አይጠፋም። በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ ቦርሳ የሚሄድ አንድ ዲስክ እኛ ካለን ኢንተርኔት ሁሉ ይፈጥናል።

ሐረጎ ከተነሣ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃውን የሚያነበው ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ በናኖ ሜትር በሚለካ ክፍተት የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ለዚህ ነው አብዛኛዎቹ አምራቾች ዲስክ የሚሠራበትን ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ብቻ የሚፈቅዱት። ደሴ ከገደቡ በታች ናት፤ ሆኖም ከአዳማ ይልቅ ለገደቡ ቅርብ ናት፤ ሳሳ ያለ አየርም ሙቀትን በደንብ አይወስድም። ስለዚህ የደሴ ሰው «ከተማችን ብርድ ናት» ብሎ ሲፒዩውን ግድግዳ አስደግፎ ጨርቅ ቢያለብሰው ተሳስቷል። ማራገቢያዎቹ ንጹሕ፣ ኬዙ ክፍት ቦታ ላይ መሆን አለባቸው። ሌላም አለ፦ ከደሴ ብርድ በቀጥታ ኮምቦልቻ ሙቀት የገባ ዲስክ ላይ እርጥበት ሊቋጠር ይችላል፤ ከመሰካቱ በፊት ቢያንስ ቡና እስኪፈላ ድረስ ይረፍ።

መብራቱ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ዘግይቶ ይታያል። መብራት የሄደው ኤዲተሩ ሲሠራ ሳይሆን ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ከሆነ የጠፋው ያ ፋይል ብቻ አይደለም፤ ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚናገረው ማውጫ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። አዲስ የሚገዙ ኤክስተርናሎች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ኤክስፋት በሚባለው አደረጃጀት ነው፤ ይህ የጻፈውን የሚያስታውስበት ማስታወሻ ስለሌለው በድንገተኛ መቋረጥ ይጎዳል። ኤንቲኤፍኤስ ግን ማስታወሻ ይይዛል። በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ሰው ዲስኩን ገና ባዶውን ሳለ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ምንም አያስከፍለውም። ዩፒኤስን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከሱ ሥራ ስለሚጠብቅ ነው። «አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው» ይላሉ። አሥሩ ደቂቃ የሚያስፈልገው ለመሥራት ሳይሆን ሬንደሩን ለማቆም፣ ለማስቀመጥና በሥርዓት ለመዝጋት ነው። ለዚያ ከበቂ በላይ ነው። ያገለገለ ዩፒኤስ የሚገዛ ሰው ግን ባትሪውን ሱቁ ውስጥ፣ ሲፒዩውን ሰክቶና ሶኬቱን ነቅሎ ይሞክር፤ ብዙዎቹ ሳጥናቸው ደህና፣ ባትሪያቸው የሞተ ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ከተረፈው ማሽን እንምረጥ። እንደሚፈራው መጥፎ ምርጫ አይደለም። ገበያችንን የሞላው ከዱባይ የሚመጣ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና የመሳሰሉት። የፊት ሰሌዳው ላይ የተለጠፈችው የኢንቴል ምልክት አራተኛ፣ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ጀነሬሽን መሆኑን ካመለከተች ዋጋው ይስባል። የሚያዋጣው ግን ስምንተኛ ላይ መድረስ ነው። አንደኛ፣ ኢንቴል በስምንተኛው ላይ የኮር አይ ፋይቭ ዴስክቶፕን ከአራት ኮር ወደ ስድስት አሳድጎታል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን ያን ያህል አይሰፋም። ሁለተኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበሉት የኢንቴል ማሽኖች ደግሞ ከስምንተኛው ጀምሮ ያሉት ናቸው። ሦስተኛው ከኤዲቲንግ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ አራተኛውንና ስድስተኛውን የሚጥለውም እሱ ነው። ስልኮችና አዳዲስ ካሜራዎች የሚቀርጹበት ኤች 265 የሚባለው ቅርጽ ፋይሉን የሚያሳንሰው እያንዳንዱን ምስል ሙሉ በሙሉ ባለመያዝ ነው፤ ከፊቱና ከኋላው ካሉት የሚለይበትን ብቻ ይጽፋል። ኤዲተሩ መሐል ላይ ሲያቆም ማሽኑ ያን ሁሉ ፈትቶ መልሶ መገጣጠም አለበት። ሰው «ስታክ ያደርጋል» የሚለው ይህንን ነው። ከሰባተኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ባለ 10 ቢቱን ጭምር የሚፈታ የተለየ ክፍል በውስጣቸው አላቸው፤ ኩዊክ ሲንክ ይባላል፤ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ፕሪሚየር ይጠቀምበታል። ስለዚህ የኩላሊት ያህል ውድ የሆነ ግራፊክስ ካርድ ሳይገዛ የቤት ኤዲቲንግ መጀመር ይቻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ኤፍ የሚል ፊደል ያለው ፕሮሰሰር ይህ ክፍል የለውም። ሌላውን ፕሮግራም ዳቪንቺ ሪዞልቭን የመረጠ ሰው ጉዳይ ይለያል፤ ፕሮግራሙ ሥራውን በግራፊክስ ካርድ ላይ ስለሚጭን ካርዱ ግድ ይላል።

የኬዙ ቁመትም ውበት ብቻ አይደለም። ቀጭኗ ኦፕቲፕሌክስ ጠረጴዛ ላይ ታምራለች፤ ነገር ግን የምትቀበለው አጭር ካርድ ብቻ ነው፤ ፓወር ሰፕላይዋ ደካማ ነው፤ የዲስክ ቦታዋም ጠባብ ነው። በዲስክ የጀመረ ሰው ትልቁን ታወር ይምረጥ። ራም ለተራ ኤችዲ 16 ጊጋባይት፣ ለአራት ኬ 32 ነው፤ ኋላ መጨመር ስለሚቻል ዛሬ በ16 መጀመር ነውር የለውም። ዊንዶውስና በእጅ ያለው ፕሮጀክት ኤስኤስዲ ላይ፣ የቆየው ደግሞ ሃርድ ዲስክ ላይ ይሁን። ኤስኤስዲ ፈጣን ነው፤ መብራት ሳያገኝ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ ቅጂ ግን አይታመንበትም። ለዚያ አሮጌው የሚሽከረከረው ዲስክ ይሻላል።

ዲስኩ ራሱ ያገለገለ ከሆነስ? እዚህ ላይ ጨካኝ መሆን ያስፈልጋል። ማሽኑን ያገለገለ፣ ዲስኩን አዲስ መግዛት ነው ትክክለኛው ቁጠባ፤ በተግባር የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ማሽኑ ውስጥ አብሮ የመጣውን ዲስክ መጠቀም የፈለገ ሰው ግን ከመክፈሉ በፊት ባለሱቁን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም እንዲከፍትለት ይጠይቅ። መስኮቱ ላይ ሁለት ነገር ይታይ፦ ዲስኩ በርቶ የቆየበት ሰዓትና ተበላሽተው የተተኩ ሴክተሮች ብዛት። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ 30,000 የሚል ዲስክ ከሦስት ዓመት በላይ ያለ እረፍት ሠርቷል ማለት ነው። ምናልባትም የደኅንነት ካሜራ ላይ የከረመ ነው። የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር ከዜሮ ከበለጠ ዋጋ መከራከር ሳይሆን ዲስኩን መተው ነው የሚያዋጣው። ባለሱቁ ቢቆጣ ሌላ ሱቅ አለ።

አሁን ወደ ክርክሮቹ። ከሁሉ የሚከብደው ላፕቶፕን የሚመርጡት ሰዎች ክርክር ነው፦ ባትሪ አለው፣ መብራት ሲሄድ አይሞትም፣ ሲፈናቀሉ ይዞ መውጣት ይቻላል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ግን ኤዲቲንግ ላይ ያለ ላፕቶፕ ባትሪው በተጻፈለት ሰዓት አይቆይም፤ በሬንደር ጊዜ በፍጥነት ያልቃል። በዚያው ዋጋ የሚገኘው ዴስክቶፕ የበለጠ ኃይል፣ የተሻለ ማቀዝቀዣና ለተጨማሪ ዲስክ ቦታ አለው፤ ከተበላሸም ፓወሩ ወይም ራሙ ብቻ ተቀይሮ ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ ይዞ መውጣቱ፣ ልብ የሚነካ ክርክር ነው፤ 2014ን ያየ ሰው በቀላሉ አይጥለውም። ነገር ግን በጥድፊያ ይዞ መውጣት የሚያስፈልገው ማሽኑን ሳይሆን ዲስኩን ነው። ኤክስተርናል ዲስክ ኪስ ይገባል። ቅጂው ቀድሞ አዲስ አበባ ያለው ሰው ደግሞ ልጆቹንና ልብሱን ብቻ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ስልኩ ላይ በካፕካት መተግበሪያ ቪዲዮ የሚቆርጠው ወጣት ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልገው ላይታየው ይችላል። ለቲክቶክ አጭር ቪዲዮ የሚሠራ ከሆነ ትክክል ነው፤ ዴስክቶፕ አያስፈልገውም። ባክአፕ ግን ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ስልክ ከሁሉም ዕቃ ይበልጥ የሚሰረቅና የሚወድቅ ነው። እንዲያውም የቤቱ ዴስክቶፕ ዋና ጥቅም ኤዲቲንጉ ላይሆን ይችላል፤ የቤተሰቡ ስልኮች ሁሉ በየወሩ የሚራገፉበት ቦታ መሆኑ ነው። በኬብል ሰክቶ መገልበጥ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ገንዘቡስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የኮምፒውተር ዕቃም አብሮ ተሰቅሏል። በዚህ ጊዜ «ሦስት ዲስክ ግዛ» ማለት ከእውነታው የራቀ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከጠቅላላው በጀት አልጨመርኩም፤ ከማሽኑ ቀንሼ ወደ ዲስኩ አዛወርኩ እንጂ። ከማሽኑ የተቀነሰውን ኃይል የሚተካ ዘዴ አለ፦ ፕሪሚየርም ሪዞልቭም ከአራት ኬ ቪዲዮው ትንንሽ ጊዜያዊ ቅጂዎች ሠርተው በእነሱ ላይ እንዲቆረጥ፣ መጨረሻ ላይ ግን ከዋናው እንዲወጣ ያደርጋሉ። ፕሮክሲ ይባላል። ቅጂዎቹን ሌሊት ሲሠራ ላደረ ማሽን ጠዋት መቁረጥ ቀላል ነው። ለጎደለው ፍጥነት እንዲህ ያለ መላ አለ፤ ለጎደለው ዲስክ ግን የለም። ዕቃው በዶላር የሚተመን መሆኑም ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያዳክመውም፤ ምንዛሪው እንዲህ ሲዘል ነገ የሚገዛ ዲስክ ከዛሬው ይወደዳል።

አንድ ስሕተት ግን ዲስክ ሲበዛ አብሮ ይበዛል፦ ባክአፑን ሁልጊዜ እንደተሰካ መተው። በክራክ የተጫነ ሶፍትዌር የቤት ኤዲቲንግ ዓለማችን የዕለት እንጀራ ነው፤ ክራኩ ይዞት ከሚመጣው መካከል ፋይሎችን ሁሉ ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው የቫይረስ ዓይነት አለ። እሱ የተሰካ ዲስክ ካገኘ ባክአፑንም አብሮ ይቆልፋል። ከደንበኛ ፍላሽ የሚመጣውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የባክአፑ ዲስክ ለመገልበጥ ይሰካል፣ ሲያበቃ በሥርዓት ይነቀላል፣ ከማሽኑ ርቆ ይቀመጣል። ሁለት ዲስክን አጣምሮ እንደ አንድ የሚያሠራው ሬይድ የሚባለው ዘዴም ባክአፕ አይደለም። ፋይሉ በስሕተት ከተሰረዘ ከሁለቱም ላይ በዚያው ቅጽበት ይሰረዛል።

ሁሉም ነገር ይቀመጥ እያልኩ አይደለም። ከ540 ጊጋባይት የሰርግ ጥሬ ቪዲዮ ውስጥ አብዛኛው የማይታይ ነው፦ የተንቀጠቀጠ፣ ያልጠራ፣ ማንም ያልተናገረበት። ያለቀው ሥራ፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃት፣ የዘፋኞቹ ሙሉ ድምፅና የሞቱ ሰዎች የታዩበት ክፍል በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፤ የቀረው የተወሰነ ጊዜ ቆይቶ ይሂድ። ያ ጊዜ ግን ለደንበኛው አስቀድሞ መነገር አለበት። ብዙ ጠብ የሚነሣው ከሁለት ዓመት በኋላ እናት ስትሞት ቤተሰቡ «ጥሬውን ስጠን» ብሎ ሲመጣና ኤዲተሩ ሰርዞት ሲገኝ ነው። በውሉ ላይ አንድ መስመር ትበቃለች፦ ጥሬው ለስድስት ወር ይቆያል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤተሰቡ የራሱን ዲስክ ይዞ ከመጣ በነጻ ይገለበጥለታል። እንዲህ ሲሆን ቤተሰቡ ራሱ ሦስተኛው ቅጂ ይሆናል፤ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለችው እኅት ለዕረፍት ስትመጣ የራሷን ይዛ ከሄደች ደግሞ አራተኛው። ኤዲተሩን የሚያስከፍለው አንድ ሰዓት የመገልበጫ ጊዜ ብቻ ነው።